ዓሣን የሚገድል ዕፅ ዓሣን ሊያሳድግ ይችላልን?

ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ጠመዝማዛውን ዳገት የያዘ ሰው እንጦጦ ማርያም ሲደርስ ትንፋሹን ለመሰብሰብ ቆም ማለቱ አይቀርም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑበት ይህ ደብር ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ሰው አዲስ አበባን ከእግሩ ሥር ያያል፤ ወደ ሰሜን የዞረ ደግሞ የሱሉልታን ሜዳ ይመለከታል። በዚህ ሸንተረር ላይ የሚወርድ ዝናብ ሁለት መንገድ አለው። በደቡቡ ገጽ የወረደው በቀበናና በሌሎች ወንዞች አማካይነት ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይጓዛል። በሰሜኑ ገጽ የወረደው ደግሞ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይገባል።

ስለ ዓሣ ልንጽፍ ተነሥተን ከተራራ መጀመራችን አንባቢን ሊያስገርም ይችላል። በእርግጥም እንጦጦ የዓሣ አገር አይደለም። በሐይቆቻችን በብዛት የሚጠመደውና በኩሬም የሚረባው ቆሮሶ ሙቀት ወዳድ ነው። በደንብ የሚያድገው የውሃው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው፤ ከ16 ዲግሪ በታች ሲወርድ መብላቱን ይተዋል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከእንጦጦ የምንፈልገው ዓሣውን ሳይሆን ዕፀዋቱን ነው። ጥያቄያችንም ይህ ነው፦ ሕዝባችን ለብዙ ዘመናት ለራሱና ለከብቱ መድኃኒት ያደረጋቸው ዕፀዋት በኩሬ ለሚረባ ዓሣ የመኖ ማሟያ ሊሆኑ ይችላሉን? ቢሆኑስ በምን ልክና በምን ጥንቃቄ?

መድኃኒት የበቀለበት ተራራ

ዛሬ እንጦጦን በአብዛኛው የሸፈነው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ሆኖም የአገር በቀሎቹ ዘር ፈጽሞ አልጠፋም። ጽድ፣ ወይራና ኮሶ በደጋማው የአገራችን ክፍል በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ተጠልለው ቆይተዋል። በተራራው ምዕራባዊ ገጽ ላይ የሚገኘው የጉለሌ የዕፀዋት ማዕከልም ከ700 ሔክታር በላይ በሆነ ይዞታው አገር በቀል ዕፀዋትን ለመጠበቅና ለማጥናት የተቋቋመ ነው። ማዕከሉ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጋራ ሥራ በመሆኑ ለሳይንስ ተማሪ ሰፊ ቤተ ሙከራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከእነዚህ ዕፀዋት መካከል ስማቸው ከመድኃኒትነታቸው የማይለይ ብዙዎች ናቸው። የኮሶ አበባ፣ እንቆቆና መተሬ የኮሶ ትልን ለማስወጣት፣ ዳማከሴ ለምች፣ ጤና አዳም ለሆድ ቁርጠት ሲያገለግሉ ኖረዋል። ይህ ዕውቀት በአረጋውያን አንደበትና በብራና በተጻፉ የመድኃኒት መጻሕፍት እስከ እኛ ደርሷል።

ተክል መድኃኒት የሚሆነው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው በተክሉ በራሱ ኑሮ ውስጥ ነው። ተክል ከጠላቱ ሮጦ አያመልጥም። ቅጠል በል ነፍሳት፣ ሻጋታና ባክቴርያ ሲያጠቁት የሚከላከለው በውስጡ በሚሠራቸው ኬሚካሎች ነው። ሳፖኒን፣ ታኒን፣ አልካሎይድ፣ ፍላቮኖይድና ሽታቸው የሚያውድ ተናኝ ዘይቶች ከእነዚህ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ስለዚህ መድኃኒት የምንለው ነገር አስቀድሞ የተክሉ መሣሪያ ነበር። መሣሪያ ደግሞ እንደ አያያዙ ይጠብቃል ወይም ይጎዳል። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገርም ከዚህ አይርቅም።

ዓሣ አርቢዎች ወደ ዕፀዋት ለምን ፊታቸውን መለሱ?

በሐይቅ ውስጥ በነጻነት የሚዋኝ ዓሣና በኩሬ የሚረባ ዓሣ ኑሯቸው የተለያየ ነው። በኩሬ ውስጥ ብዙ ዓሣ በጠባብ ቦታ ይታጎራል፤ ከመኖው የተረፈውና ከዓሣው የወጣው ቆሻሻ በዚያው ውሃ ውስጥ ይቀራል። አንዱ ሲታመም በሽታው ወደ ሌላው ለመተላለፍ የሚያግደው ነገር የለም፤ ሁሉም የሚተነፍሱት አንድ ውሃ ነውና። ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ የተባለው ባክቴርያ ለምሳሌ በብዙ ውሃ ውስጥ በሰላም ይኖራል፤ ዓሣው በሙቀት ለውጥ ወይም በኦክስጅን ማነስ ሲዳከም ግን ያጠቃዋል።

ለዚህ ችግር የብዙ አገሮች መልስ አንቲባዮቲክን ከመኖ ጋር መቀላቀል ነበር። በሽታ ሳይኖር እንኳ ዕድገትን ለማፋጠን በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጥበት ልማድ በእንስሳት እርባታ ተስፋፍቶ ነበር። ጉዳቱ በኋላ ታወቀ። በዓሣ ኩሬ ደግሞ ሁኔታው የባሰ ነው። ያልተበላው መድኃኒታም መኖ ወደ ኩሬው ወለል ይሰምጣል፤ በዓሣው አካል ውስጥ ያለፈውም በከፊል ሳይለወጥ ይወጣል። በዚህ ሁኔታ ለረጅም ጊዜ በትንሽ መጠን ከአንቲባዮቲክ ጋር የቆዩ ባክቴርያዎች ይላመዱታል፤ የመላመድ ጠባያቸውን የያዘውን ዘረ መልም ለሌሎች ባክቴርያዎች፣ ሰውን ለሚያሳምሙትም ጭምር ሊያስተላልፉ ይችላሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2006 ጀምሮ አንቲባዮቲክን ለዕድገት ማፋጠኛነት ከመኖ ጋር መስጠትን የከለከለው በዚህ ስጋት ነው። ተመራማሪዎችም ምትክ ፍለጋ ወደ ዕፀዋት አዘነበሉ።

በአገራችን ዓሣ በዋነኛነት የሚመጣው ከጣና፣ ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ፣ ከዓባያ፣ ከጫሞ፣ ከቆቃና ከመሳሰሉት ነው። በኩሬ ማርባቱ ገና ለጋ ሥራ ነው። በሰበታ የሚገኘው የዓሣና ሌሎች የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ጫጩቶችን በማራባትና ለገበሬዎች በማዳረስ ሲደክም ቆይቷል። ዘግይቶ መጀመር ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ከወደቁበት ጉድጓድ ሳንገባ እንድናልፍ ዕድል ይሰጠናል።

ብርብራና እንዶድ የሚያስተምሩን

አንድ ገበሬ በጓሮው ኩሬ ቆፍሮ መቶ ቆሮሶ ለቀቀ እንበል። ዓሦቹ ታመሙበት። «ዕፅ ነውና አይጎዳም» በማለት ከአጥሩ ላይ ቅጠልና ፍሬ ሸምጥጦ፣ ወቅጦ ኩሬው ውስጥ ቢጨምረው ምን ይሆናል? የጨመረው ዕፅ ብርብራ ወይም እንዶድ ከሆነ በማግስቱ ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈው ሊያገኛቸው ይችላል።

ብርብራ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዛፍ ነው፤ በደቡብ ለቡና ጥላ ይሆናል። የደረቀው ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣን እንደሚያሰክር አባቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቃሉ፤ ዓሣ ለማጥመድም ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በፍሬው ውስጥ ከሚገኙት ኬሚካሎች አንዱ ሮተኖን ይባላል። ሮተኖን የሕዋስ የኃይል ማመንጫ የሆነውን ማይቶኮንድሪያ ከሥራ ያግዳል። በዚያ በኩል ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው ሲተላለፉ ኃይል ይመረታል፤ ሮተኖን የመጀመሪያውን መተላለፊያ ይዘጋዋል። ዓሣው በዙሪያው ኦክስጅን ሞልቶ ሳለ ሊጠቀምበት ሳይችል ይሞታል። በጣና ሐይቅ ገባር ወንዞች ላይ ይህ የአጠማመድ ዘዴ ከፍተኛ ጉዳት አድርሷል። በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ሲወጡ ብርብራ ከጠበቃቸው የሚጠፋው የዚያ ዓመት ዓሣ ብቻ ሳይሆን የመጪው ዓመትም ጭምር ነው።

የእንዶድ ታሪክ ደግሞ በሳይንስ ዓለም የታወቀ ነው። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ስለ ብልሃርዚያ ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። የብልሃርዚያ ጥገኛ ትል የሕይወት ዑደቱን የሚያሟላው በቀንድ አውጣ ውስጥ አልፎ በመሆኑ ይህ ቀላል የሚመስል ትዝብት በሽታውን ለመከላከል አዲስ መንገድ ከፈተ። አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉበት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል።

እንዶድን አረፋ የሚያስደፍቀው ሳፖኒን የተባለው ኬሚካል ነው። ሳሙናነቱም መርዝነቱም ከዚሁ ይመነጫል። ሳፖኒን በአንድ ጎኑ ውሃን፣ በሌላው ጎኑ ቅባትን ይወዳል፤ የሕዋስ ሽፋን ደግሞ ከቅባት የተሠራ ነው። ስለዚህ ሳፖኒን ሽፋኑን ይበሳዋል። ዓሣ በውሃ ውስጥ የሚተነፍስበት ስንጥብ እጅግ ስስ ሽፋን ያለው፣ ደምም ከሥሩ የሚመላለስበት ክፍል ነው። ኦክስጅንን በቀላሉ የሚያስገባው ይህ በር መርዝንም በቀላሉ ያስገባል። በእስያ የሽሪምፕ አርቢዎች ከሻይ ዘር የሚገኘውን ሳፖኒን የያዘ ፋጉሎ በኩሬያቸው የሚጨምሩት ሽሪምፑን ሳይጎዳ ያልተፈለገውን ዓሣ እንዲገድልላቸው ነው።

በውሃ መርዝ፣ በመኖ ሲሳይ

እስከዚህ ያየነው ሳፖኒን የዓሣ ጠላት መሆኑን ነው። በጀርመን የሆሄንሃይም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ መረመሩት። ኪላያ ከተባለው የደቡብ አሜሪካ ዛፍ የሚገኘውን ሳፖኒን በውሃ ውስጥ ሳይሆን በመኖ ውስጥ ለዱባ ዓሣ ሰጡት። መጠኑም በአንድ ኪሎ ግራም መኖ 150 ሚሊ ግራም ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ውጤታቸው እንደሚያሳየው ይህን መኖ የበሉት ዓሦች ካልበሉት የተሻለ አደጉ። ከዚህም በላይ የሚያስገርመው መጠኑ እጥፍ ሲሆን ውጤቱ እጥፍ አለመሆኑ ነው፤ 150 ሚሊ ግራሙ ከ300 ሚሊ ግራሙ በልጦ ተገኘ።

እንግዲህ አንድ ዓይነት ኬሚካል በስንጥብ ሲገባ ይገድላል፤ በሆድ ሲገባና ልኩ ሲጠበቅ ያሳድጋል። የዓሣ አንጀት ሳፖኒንን በቀላሉ ወደ ደም አያሳልፍም፤ ከምግቡ ጋርም ይደባለቃል። መግቢያውና መጠኑ የዕፁን ጠባይ የለወጡት ያህል ነው። ይህን ስንል ግን እንዶድ ለዓሣ መኖ ይሆናል ማለታችን እንዳልሆነ ልብ ይሏል። የሳፖኒን ዓይነቶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ የኪላያው የእንዶዱን ጠባይ አይመሰክርም። ትምህርቱ «ዕፅ ሁሉ ይጠቅማል» ወይም «መርዝ ሁሉ ይጎዳል» የሚሉት ሁለቱም አባባሎች በሙከራ ፊት የማይቆሙ መሆናቸው ነው።

በኩሽናችን የሚገኘው ነጭ ሽንኩርትም ተመሳሳይ ነገር ያሳየናል። በግብጽ ቆሮሶ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት በአንድ ኪሎ መኖ 10፣ 20፣ 30 እና 40 ግራም ነጭ ሽንኩርት ተሞክሮ የተሻለው ዕድገት የተገኘው በ30 ግራሙ ነበር። ዝንጅብል፣ እርድና ጥቁር አዝሙድም በተለያዩ አገሮች በዓሣ ላይ ተፈትነዋል።

ዕፀዋቱ በዓሣው አካል ውስጥ ምን ይሠራሉ?

የዕፀዋት ጭማቂ በዓሣ አካል ውስጥ የሚሠራው ቢያንስ በአራት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ሽታውና ጣዕሙ የምግብ ፍላጎትን ሊያነሣሣ፣ የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞችም በብዛት እንዲመነጩ ሊያደርግ ይችላል። ሁለተኛ፣ እንደ ቲሞልና ካርቫክሮል ያሉ ተናኝ ዘይቶች የጎጂ ባክቴርያዎችን የሕዋስ ሽፋን ያናጋሉ። ሦስተኛ፣ የዓሣውን የበሽታ መከላከያ አቅም ያነቃቃሉ፤ ባክቴርያን የሚውጡት የደም ሕዋሳት ይበረታሉ፣ የባክቴርያን ግድግዳ የሚያፈርሰው ላይሶዛይም የተባለ ኢንዛይምም ይጨምራል። አራተኛ፣ ብዙዎቹ ዕፀዋት ቅባት እንዳይሻግት የሚከላከሉ ውሁዶች አሏቸው። የዓሣ ቅባት ከኦክስጅን ጋር በቀላሉ ተዋሕዶ የሚበላሽ በመሆኑ ይህ ለመኖውም ለሥጋውም ይጠቅማል።

ሦስተኛው መንገድ ለኩሬ አርቢ የተለየ ዋጋ አለው። በሺህ የሚቆጠሩ ጫጩቶችን አንድ በአንድ እየያዙ መርፌ መውጋት የማይታሰብ ነው፤ መኖ ግን ለሁሉም ይደርሳል። ሆኖም ችግር አለው። ዓሣ ከታመመ በኋላ መብላቱን ስለሚተው በመኖ የሚሰጥ ዕፅ ጥቅሙ ከመታመሙ በፊት ለመከላከያ እንጂ ከታመመ በኋላ ለማዳኛ አይደለም።

እዚህ ላይ ማሟያንና ዋና መኖን መለየት ያስፈልጋል። የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ዋና መኖ ናቸው፤ ዓሣው ሥጋ የሚሠራባቸው ናቸው። ማሟያ ግን በግራም የሚመዘን ጥቂት ነገር ነው። ሽፈራው በሁለቱ መካከል ሊቆጠር ይችላል። በሆሄንሃይም ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ሌላ ጥናት ጥሬ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት ከቆሮሶ መኖ ፕሮቲን 10 በመቶውን ሲተካ ዕድገት አልቀነሰም፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን ቀነሰ። በቅጠሉ ያለው ፕሮቲን ሲጠቅም አብረውት ያሉት ሳፖኒንና ሌሎች ውሁዶች መጉዳት ጀመሩ ማለት ነው።

ጦስኝ ሁሉ አንድ አይደለም

ደጋማው አገራችን ለዚህ ምርምር ካለው ሀብት መካከል ጦስኝን እናንሣ። በሸዋና በወሎ ደጋዎች፣ በባሌም ተራሮች የሚበቅለው ጦስኝ ለሻይና ለወጥ ማጣፈጫ የሚሆን፣ ለጉንፋንም የሚጠጣ ዕፅ ነው። የሽታው ምንጮች ቲሞልና ካርቫክሮል ሁለቱም 10 የካርቦን፣ 14 የሃይድሮጅንና 1 የኦክስጅን አቶም አላቸው፤ ልዩነታቸው በሞለኪዩሉ ላይ ኦክስጅኑ የተቀመጠበት ስፍራ ብቻ ነው። በአገራችን ኬሚስቶች ጦስኝን ከተለያዩ ስፍራዎች ሰብስበው ሲመረምሩ የአንዱ ስፍራ ጦስኝ በቲሞል፣ የሌላው ደግሞ በካርቫክሮል በልጦ አግኝተውታል።

ይህ ለዓሣ መኖ ትልቅ ትርጉም አለው። «በኪሎ መኖ ይህን ያህል ግራም ጦስኝ» የሚል ምክር የየት ጦስኝ እንደሆነና በውስጡ ምን እንዳለ ካልተነገረ ምክር አይባልም። አወጣጡም እንዲሁ ነው። ተናኝ ዘይት በውሃ እንፋሎት ይጣራል፤ ፍላቮኖይድ በአልኮል፣ ሳፖኒን በውሃ ይወጣል። ነጭ ሽንኩርትን ብንወስድ አሊሲን የተባለው ንጥረ ነገር በደህናው ራስ ውስጥ የለም፤ ሲወቀጥ ኢንዛይሙና አሊን የተባለው ውሁድ ተገናኝተው ይፈጥሩታል፤ ሲፈላ ደግሞ ይጠፋል። ሽንኩርቱን ቀቅሎ ለዓሣው የሰጠ ሰው ሽታውን እንጂ ዋናውን ነገር አልሰጠም።

መጠኑን በቁጥር እንየው። እያንዳንዳቸው 50 ግራም የሚመዝኑ 100 ቆሮሶዎች በድምሩ 5 ኪሎ ይሆናሉ። በቀን የክብደታቸውን 3 በመቶ ቢመገቡ 150 ግራም መኖ ያስፈልጋቸዋል። በኪሎ መኖ 30 ግራም ነጭ ሽንኩርት ስናሰላ ለመቶው ዓሣ በቀን የሚደርሰው 4.5 ግራም ነው። በኪሎ 150 ሚሊ ግራም የሚሰጥ ንጥር ደግሞ 22.5 ሚሊ ግራም ብቻ ይሆናል፤ ይህን በእፍኝ ሳይሆን በቤተ ሙከራ ሚዛን እንጂ መለካት አይቻልም።

ለተማሪዎች የቀረበ ሥራ

ዕፁ መጥቀሙን በምን እናውቃለን? «ለዓሦቼ ሰጠኋቸው፤ አደጉ» ማለት ማስረጃ አይሆንም፤ ሳይሰጣቸውም ያድጉ ነበርና። የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ሊሠራው የሚችል ሙከራ ግን አለ። ዘጠኝ እኩል የመስተዋት ገንዳዎች ይዘጋጁ፤ እኩል ቁጥርና ተቀራራቢ ክብደት ያላቸው የቆሮሶ ጫጩቶች ይከፋፈሉባቸው። ሦስቱ ገንዳዎች ተራ መኖ፣ ሦስቱ ጥቂት ነጭ ሽንኩርት ያለበት፣ ሦስቱ ከፍ ያለ መጠን ያለበት መኖ ያግኙ። የትኛው ገንዳ የትኛውን እንደሚያገኝ በዕጣ ይወሰን። የውሃው ሙቀት በየቀኑ ይመዝገብ፤ ለስምንት ሳምንታት የተሰጠው መኖና የተገኘው ክብደት ይመዘን። መኖው ለክብደቱ ሲካፈል አንድ ኪሎ ዓሣ ለማግኘት ስንት ኪሎ መኖ እንደጠፋ ይታወቃል። ብርብራና እንዶድን የመሳሰሉት ግን ለክበብ ሙከራ አይሆኑም፤ የተረፈውን ውሃ ወደ ወንዝ መድፋትም ወንዙን መበደል ነው።

እስከ ዛሬ በዓለም የታተሙት አብዛኞቹ ጥናቶችም በገንዳ ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት የተሠሩ ናቸው። ከገንዳ ወደ ገበሬ ኩሬ ያለው መንገድ ገና አልተጠረገም። የጦስኛችን ልክ ስንት ነው? የትኛው ደጋ ጦስኝ? በዓሣው ሥጋ ጣዕም ላይ ምን ያመጣል? ወጪው ከትርፉ ይበልጣልን? እነዚህን ጥያቄዎች የእጽዋት፣ የኬሚስትሪና የዓሣ ሳይንስ ተማሪዎች አብረው እንጂ ለየብቻ አይመልሷቸውም።

የአረጋውያኑ ዕውቀት ለዚህ ሥራ ጥሩ መነሻ ነው፤ የትኛውን ዕፅ እንደምንመረምር ይጠቁመናል። ዓሣውን በምን ልክ እንደምንመግብ ግን አይነግረንም፤ ስለ ዓሣ አልተጠየቀምና። ያን መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው። ከእንጦጦ ማርያም ደጅ ወርዶ በአቃቂ አዋሽን ተቀላቅሎ ቆቃ የሚደርሰው ውሃ በመንገዱ የተቀላቀለውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል፤ በግምት የጨመርነውንም፣ መዝነን የሰጠነውንም።